ከበቀቀኗ ኋላ የታሰረችው ጀልባ

መልኪዮር ታመስ የተገደለው እሑድ ረፋድ ላይ፣ የኤንክሀውዘን ሰው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ስብከት በሚያዳምጥበት ሰዓት ነው። ሬሳውን ያገኘው አማቹና የሥራ ረዳቱ ላምበርት ነበር። ሽማግሌው ሠዓሊ በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ተደፍቶ፣ የቀለም መፍጫው ድንጋይ ከራሱ አጠገብ ወድቋል። ላምበርት ሊያነሳው ሲታገል ደረቱና እጁ በደም ተነከረ። ከስብከት የተመለሱ ጎረቤቶች በመስኮት ያዩትም በዚያው ሁኔታ ላይ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው መፈለግ ያስፈልጋል ያለ አልነበረም።

የከተማው መርማሪ ሲባውት ኦልፈርትስ ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁሉንም አስወጥቶ በሩን ዘጋ። ቁስሉ አንድ ነው፣ ከኋላ በኩል። መስኮቱ አልተሰበረም፤ የተጎረጎረ ሣጥንም የለም። ሲባውት ይህን ሁሉ አይቶ ከተንበረከከበት ቀና ሲል ሥዕሉ ፊት ለፊቱ ነበር፤ ለትንሽ ጊዜ ሥራውን ረሳ።

መልኪዮር እንደ ሌሎቹ በብሩሽ አይሥልም። ሰፊ ሰሌዳ ነጭ ይቀባና ሲደርቅ በዝይ ላባ ብዕርና በጥቁር ቀለም ብቻ ይሠራበታል። ከበሩ ሆነው ሲያዩት ባሕር ነው፤ ጠጋ ሲሉ ግን ከፀጉር የቀጠኑ እልፍ መስመሮች ናቸው። በሰሌዳው መሐል ‘አረንጓዴዋ በቀቀን’ የተባለችው መርከብ ሸራዋን ዘርግታ ከወደባችን ትወጣለች። ሲባውት ልጅነቱን በሄሪንግ ዓሣ አጥማጆች መርከብ ላይ ስላሳለፈ ገመዶቹን በዓይኑ ተከተላቸው። እያንዳንዱ ገመድ ከሚነሳበት ተነስቶ የሚታሰርበት ቦታ ይታሰራል። ሸራው ላይ ያለው መጣፊያ ሳይቀር ይታያል። የነፋሱን አቅጣጫ ከባንዲራው ብቻ ሳይሆን ከመርከበኞቹ የኮት ጫፍ ማወቅ ይቻላል። ከመርከቧ ኋላ ደግሞ በገመድ የታሰረች ትንሽ ጀልባ ትከተላለች። መርከቦቻችን የመጨረሻውን የባሕር ምልክት እስኪያልፉ ድረስ ጀልባቸውን እንዲህ እየጎተቱ ይወጡና ከዚያ ወደ ላይ ይስቧታል።

‘በቀቀን’ ባለፈው መስከረም ከኖርዌይ እንጨት ልታመጣ ወጥታ አልተመለሰችም። በዴንማርክ ዳርቻ የአሸዋ ቁልል ላይ ተተክላ ቀረች። የዚያ መንደር ቄስ በላኩት ደብዳቤ እንደተረዳነው፣ በመጀመሪያው ቀን ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር። መርከበኞቹ ሳንቃ እየነቀሉ ታንኳ ነገር ሊያሰናዱ ሲሞክሩ ከባሕር ዳር ይታዩ ነበር። የመንደሩ ወንዶች በጀልቦቻቸው ለዓሣ ርቀው ስለሄዱ ሊደርስላቸው የቻለ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ማዕበል ተነሳና አሥራ አራቱም አለቁ። መቃብር የሌላቸው ሚስቶችና እናቶች ተሰብስበው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው የሚያዩት ነገር እንዲኖራቸው መልኪዮርን ሥዕሉን እንዲሠራ ለመኑት። ለጰራቅሊጦስ በዓል ሊሰቀል ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ዳኞቹ ሰኞ ጠዋት ስለታሰረው ላምበርት ተሰብስበው ብዙ አልተከራከሩም። ላምበርት ቅዳሜ ከአማቱ ጋር ሲጨቃጨቅ መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል። በሥዕሉ ላይ ስሜን ከስምህ ጎን ልጻፍ ብሎ ነበር፤ ሽማግሌው እምቢ ሲለው፣ አንተ ስትሞት እጽፈዋለሁ ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ። እሑድ ዕለትም ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ለብቻቸው ከሚሰበሰቡት ከሜኖናውያን ወገን ስለሆነ የእነርሱ ጸሎት ቀደም ብሎ አልቋል። እስከ ረቡዕ ቀትር ካላመነ በመንጠልጠያው ገመድ እየተሰቃየ እንዲመረመር ተወሰነ። በዚያ ገመድ ላይ ወጥቶ ያላመነ ሰው በከተማችን አይታወቅም፤ ያመነ ደግሞ ይሰቀላል።

ሲባውት ከችሎቱ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሟቹ ቤት ሄደ። የመልኪዮር ልጅ፣ የላምበርት ሚስት ብሬክታ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ዓይኗ ከማልቀስ አልፎ ደርቋል። ከሞቱ ወዲህ ወደ ሥራ ክፍሉ አልገባችም ነበርና አብራው እንድትገባ ለመናት፤ የጎደለ ነገር ካለ የምታውቀው እርሷ ናት። መደርደሪያዎቹን አየች፣ የብዕሮቹን ማሰሮ አየች። ሥዕሉ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይቺ ጀልባ ከየት መጣች?» አለች።

ሲባውት ነገሩ አልገባውም። ብሬክታ እሑድ ጠዋት ለአባቷ ቁርስ ስታስገባ ከመርከቧ ኋላ ያለው ውኃ ባዶ እንደነበር ነገረችው። ሳምንቱን ሙሉ ባዶ ነበር። አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ዛሬ ስብከቱን ትቼ እጨርሰዋለሁ ብሏት ነበር እንጂ ምን እንደሆነ አልነገራትም። ደግሞ ከማኅደሩ አንድ ወረቀት ጠፍቷል። መልኪዮር መርከብ በወጣ ቁጥር በራሱ ትንሽ ጀልባ ተከትሎ ያየውን በወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ትልቁን ሥዕል የሚሠራው ያንን እያየ ነው። የ‘በቀቀን’ ንድፍ የለም።

«ብሬክታ፣ ይህን ለዳኞቹ ብነግራቸው ሚስቱ ናት ይሉኛል።»

«እናስ? ሚስቱ ስለሆንኩ ዓይን የለኝም?»

ሲባውት ወደ ሥዕሉ ተመለሰ። በቅባት የተነከረ ስስ ወረቀት አስመጥቶ ጀልባዋን በላዩ ላይ ገለበጠ፣ እያንዳንዱን ሳንቃና ሚስማር። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ወደ እስር ቤቱ ሄደ።

ላምበርት ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ረጅም ጊዜ አየው። ይህ የመምህሩ እጅ እንዳልሆነ ተናገረ። መልኪዮር የሳንቃን ጎን በሦስት መስመር ይጨርሳል፤ ይህኛው ሰው ሳንቃውን እንደሚጠርብ ሰው ከዳር እስከ ዳር ይከተላል። ሠዓሊ አይደለም፤ ጀልባ ግን ያውቃል።

«ከልቡ አውጥቶ ሣላት?» አለ ሲባውት።

«ይቺን?» ላምበርት በጣቱ ከፊት በኩል አንድ ቦታ ነካ። «እዚህ ጋ አጭር ሳንቃ ገብቷል፤ ሁለት ረድፍ ሚስማር አለው። እንዲህ ያለ ነገር ከልብ አይወጣም፣ ጌታዬ። በዚህ ከተማ ደግሞ ያላየውን የሚሥል አታገኝም፤ እናፍራለን። ይህ ሰው የሣለው ያያትን ጀልባ ነው። ከጠፋች ዘጠኝ ወር የሆናትን ጀልባ ደግሞ ማንም ሚስማር በሚስማር አያስታውስም።»

ሲባውት ወደ ውጭ ሲወጣ የ‘በቀቀን’ ዋና ባለድርሻ ሎደዊክ ትዝ አለው። ይህ ሰው ሥዕሉ ቤተ ክርስቲያን እንዳይሰቀል አጥብቆ ተከራክሮ ነበር። ሄዶ አነጋገረው። ሎደዊክ አልደበቀም፤ ሰው በየእሑዱ የእኔን ኪሳራ ቆሞ እንዲያይ አልፈልግም አለ። ግን እሑድ ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ መጨረሻው ቡራኬ ፊተኛው ወንበር ላይ፣ ስድስት መቶ ሰው እያየው ተቀምጧል። እንደውም ከስብከቱ መሐል አንኮራፍቷል ተብሎ ሚስቱ እስካሁን አታናግረውም።

ከእርሱ ቀጥሎ የሄደው ጀልባ ሠሪው ዊገርት ቤት ነው። ከተማው በሙሉ አጎት ዊገርት ይለዋል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ የለውም። የመልኪዮር የአርባ ዓመት ወዳጅ ሲሆን ስለ መርከብ አሠራር ሠዓሊውን የሚያርመው እርሱ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን አየር የሚሰጠውን ወናፍ የሚረግጠው እርሱ ነው። ሲባውት ሲገባ ዊገርት መጥረቢያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ፈዘዘ ተቀምጦ ነበር። ስለ ወዳጁ ሲጠየቅ እንባው ወረደ። ላምበርት እንዲህ ያደርጋል ብሎ እንደማያምን ደጋግሞ ተናገረ። እሑድ የት እንደነበረ ሲጠየቅ በሐዘኑ መሐል ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ኦርጋኑ ሲነፋ ሰምተሃል አይደል፣ ልጄ? ያ እኔ ነኛ።»

ሲባውት ሰምቷል። ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ወረቀቱን ይዞ ወደቡን ዞረ። በአሮጌው ወደብ ያሉትን ጀልቦች ጨረሰ፣ ወደ አዲሱ ተሻገረ። ዓሣ አጣቢዎቹ ሴቶች መርማሪው ጀልባ ሊያገባ ነው እያሉ ሳቁበት። በርሜል ሠሪው የትኛዋ ነፍሰ ገዳይ እንደሆነች ጠየቀው። ቀትር አለፈ። ሰው እየተሰቃየ ሊያምን አንድ ቀን ቀርቶት እርሱ ሚስማር ሲቆጥር መዋሉ ለራሱም እንግዳ ነገር መሰለው። ግን ሥዕሉን በዓይኑ በደገመው ቁጥር ሌላ መንገድ እንደሌለ ይታወቀዋል። በዚያ ሥዕል ላይ እንዲያው የተጨመረ አንድ መስመር የለም፤ ይቺ ጀልባም ከሆነ ቦታ መጥታለች።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደክሞት የግንቡ ዳር ቁጭ አለ። ከበታቹ አሻጋሪዋ ትራይን ቀይ ቀለም የተቀባች ጀልባዋን አስጠግታ መንገደኛ ትጠብቃለች።

«ትሻገራለህ ወይስ ጥላህን ነው እዚህ የምታሳድረው?» አለችው። «ካልተሻገርክ ዞር በል፤ አንተን ሲያዩ ሰዎቼ ይሸሻሉ።»

የሲባውት ዓይን በጀልባዋ የፊት ክፍል ላይ ተተክሏል። አጭር ሳንቃ፣ ሁለት ረድፍ ሚስማር። ወረቀቱን ዘርግቶ አስተያየ፣ ከዚያ ወርዶ ሚስማሮቹን በጣቱ ቆጠራቸው። አሥራ አንድና አሥራ አንድ። ከአምስተኛው ሚስማር ሥር እንጨቱ ትንሽ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ወረቀቱ ላይም አለ።

«ትራይን፣ ይቺን ጀልባ ከየት አገኘሽ?»

«አልሰረቅኩም።»

«አልሰረቅሽም። ከየት አገኘሽ?»

ከአጎት ዊገርት ነው አለች። ክረምቱን በሙሉ ከጀልባ መሥሪያው ሥር፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ታስራ ነበር። በጥር በረዶው መጥቶ ፊቷን ሰበረውና ዊገርት ሳንቃውን በእጁ ቀየረው፤ ትራይን ራሷ መብራት ይዛለት ነበር። በመጋቢት ቀይ ቀባትና ለእርሷ ሰጣት፣ ለዓይኔ አልወደድኳትም ብሎ። አሁንም ማታ ማታ የምታስራት እዚያው መስኮቱ ሥር ነው።

‘በቀቀን’ የጠፋችው በመስከረም ነው። ሥዕሉ ላይ ከኋላዋ የምትከተለው ጀልባ ግን የጥርን መጣፊያ ይዛለች።

ሲባውት በዚያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደና የኦርጋን ተጫዋቹን አነጋገረ። ከሁለተኛው መዝሙር በኋላ ስብከቱ እስኪያልቅ ኦርጋኑ ዝም ይላል። እሑድ ሰባኪው የአሸዋ ሰዓቱን አንድ ጊዜ ገልብጠውታል፤ ይህም ማለት ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ወናፉ ያለበት ክፍል በጀርባ በኩል በር አለው። ሲባውት በሩን ከፍቶ ወጣ። የመልኪዮር ግቢ አጥር አርባ እርምጃ ይርቃል። ከተማው በሙሉ ዊገርትን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሰምቶታል፤ ያየው ግን የለም።

ረቡዕ ጠዋት ዊገርትን ወደ ሥራ ክፍሉ ጠራው። ሌላ ሰው አላስገባም። ዊገርት ኮፍያውን አውልቆ ሥዕሉ ፊት ቆመ፤ እዚህ ክፍል ሲገባ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ነው።

«አጎት ዊገርት፣ የ‘በቀቀን’ን ጀልባ የሠሯት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ከመርከቧ ጋር ሄዳለች?»

«በእጄ ነው ያሰርኳት። ለሴቶቹም ነግሬያቸዋለሁ። አሸዋው ላይ ተሰብራ ይሆናል።»

«ታዲያ ይቺን ሳንቃ መቼ ቀየሯት?»

ዊገርት ጎንበስ ብሎ አየ። ሲባውት ጣቱን ያኖረበትን ቦታ አየ፣ ሚስማሮቹን አየ፣ ስንጥቁን አየ። መጀመሪያ ያስተዋለው የሥራውን ጥራት እንደሆነ ከፊቱ ይታወቅ ነበር። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ቀና ሳይል በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«በየቀኑ የማያት እርሷን ነው» አለ። «እጄ ሌላ ጀልባ አያውቅም።»

ቀሪውን ሳይጠየቅ ተናገረ። መርከቧ ልትወጣ አንድ ቀን ሲቀራት ጀልባዋ ውኃ ታስገባለች ተብሎ ወደ እርሱ መጣች። ለጎሕ አደርሳታለሁ አለ። ነፋሱ ከተጠበቀው ቀድሞ ዞረና ካፒቴኑ ሸራ ዘረጋ። ዊገርት ጀልባዋን ራሱ እየቀዘፈ ተከተላቸው። ያዩታል፣ ይጣሩታል፣ ከመርከቧ ጀርባ ቆመው ይስቁበታል። እስከ ሦስተኛው የባሕር ምልክት ቀዘፈና ክንዱ ከዳው። ካፒቴኑ በእጁ ተወው የሚል ምልክት ሰጠው። እንጨት ጭነው በሦስት ሳምንት ይመለሳሉ፤ ምን ችግር አለው? ከዴንማርክ ደብዳቤው ሲመጣ ሴቶቹ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ጀልባዋ ነው፤ አስሬያታለሁ ያለው ያኔ ነው።

መልኪዮር ያን ቀን እዚያው ነበር፣ እየነደፈ። ሁሉንም አይቷል። ለወዳጁ ብሎ ስምንት ወር ዝም አለ፤ ሥዕሉንም ሲሠራ ውኃውን ባዶ ተወው። ቅዳሜ ግን መጥቶ እንቅልፍ እንዳጣ ነገረው። ያየሁትን እሥላለሁ አለው።

«በስብከቱ መሐል መጥቼ ለመንኩት» አለ ዊገርት። «አንዲት ትንሽ ጀልባ ሥልላቸው አልኩት። በሕይወታቸው አላደረስኩላቸውም፣ በሥዕሉ እንኳን ትድረሳቸው አልኩት። እምቢ አለ። ያልነበረ ነገር አልሥልም ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ብዕሩን አነሳ። ድንጋዩን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።»

«ከዚያ በኋላ ግን ሣሏት።»

«ሣልኳት። እርሱ መሬት ላይ ሆኖ እኔ ቆሜ ሣልኳት።» በመርከቧ ላይ ወዳሉት ሰዎች አመለከተ። «አሥራ አራቱም ወደ እርሷ የሚያዩ መሰለኝ።»

ላምበርት እንደታሰረ ሲነገረው ምን እንደተሰማው ሲባውት ጠየቀው። ረቡዕ ሳይደርስ እናገራለሁ ስል ነበር አለ ዊገርት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ አላውቅም፣ ላልናገርም እችል ነበር አለ። ንድፉን ከኮቱ ውስጥ አውጥቶ ሰጠው። እሳት ፊት ሦስት ጊዜ ይዞት ቀርቦ መጣል አቅቶታል።

ሲባውት ወረቀቱን ዘረጋ። መርከቧ አለች። ከኋላዋ፣ ሩቅ፣ በውኃው መሐል አንድ ሰው ብቻውን ጀልባ ላይ ተቀምጧል።

ቀትር ሳይሞላ ላምበርት ተፈታ። ብሬክታ በእስር ቤቱ በር ጠብቃው ነበር። እጁን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው።

የጰራቅሊጦስ ዋዜማ ሴቶቹ ሥራ ክፍሉ ተሰበሰቡ። ላምበርት የጀልባዋን ቀለም በስለት ፍቆ እንዳስወገደና ቦታውን መልሶ ነጭ እንደቀባው አሳያቸው። ከዚያ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ባዶውን ይተወው ያሉ ነበሩ። የነፍሰ ገዳይ መልክ ቤተ ክርስቲያን አይገባም ብላ አንዷ ተቆጣች፤ የሰውየው ስም እንኳን እንዳይነሳ የፈለጉ ነበሩ። ዲወር የካፒቴኑ ሚስት ነበረች። ሥዕሉ ላይ ከመርከቧ ጀርባ እጁን ወደ ላይ ያነሳውን ባሏን እያየች ነበር። እስከ ዛሬ የሚሰናበታት እርሷን ይመስላት ነበር።

«እጁን ያነሳው ለእርሱ ነው እንዴ?» አለች።

ላምበርት አዎን አለ።

ዲወር ወደ ንድፉ ጎንበስ ብላ ጀልባው ላይ ያለውን ሰው አየችው።

«እንግዲያው ባሌ ከከተማችን ሰው መጨረሻ ያየው እርሱን ነው» አለች። «ሣለው። የደረሰበት ቦታ ላይ፣ አታቅርበው፣ አታርቀው።»

የተከራከረ አልነበረም። ላምበርት ርቀቱን ከንድፉ በክር ለካ። አዲስ ብዕር ቀረጸ፣ ትንፋሹን ያዘና ጀመረ። ሴቶቹ ቆመው አዩት፤ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ እስኪዞር ድረስ ማንም አልተቀመጠም። ሲጨርስ ሰውየው ከገብስ ፍሬ አይበልጥም ነበር። አንድ በአንድ እየተጠጉ ጎንበስ አሉ። ጀርባው ጎብጧል፤ ፊቱን ወደ መርከቧ አዙሯል። መቅዘፊያዎቹ ከውኃው በላይ ተነስተው ቆመዋል፤ ከጫፋቸው የሚንጠባጠበው ውኃ ይታያል።